ከሩቅ የምታጎርሰው ውርንጭላ

አንድ ጊዜ፣ ተራሮች ገና ተደላድለው ሳይቀመጡ፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ እንስሳት የቅርጫት ኳስ ይጫወቱ ነበር። አትሳቁ እንጂ! ቅርጫቱ የዶሮ ነጋዴ ጥሎት የሄደ፣ ቂጡ የተቀደደ የዶሮ ቅርጫት ነው። የተንጠለጠለውም ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ላይ ነበር። ዋንዛው እንዴት ያለ ትልቅ መሰላችሁ! ጫፉ ላይ ያረፈች ርግብ እንቁላል ስትጥል፣ እንቁላሉ መሬት ሳይደርስ ይፈለፈልና ጫጩቷ ላባ አብቅላ እየበረረች ትወርድ ነበር።

ኳሷ መጀመሪያ ከበሬ ቆዳ የተሰፋች፣ ገለባ የተጠቀጠቀባት ነበረች። አያ ጅቦ በላት። ሌላ ሰፉ፤ እሷንም በላት። «ምን ላድርግ? ሳዛጋ ገባች» ይላል። በመጨረሻ ከሐረግ ጎንጉነው ሠሩና ተገላገሉ። እሷንም ቢሆን ግራና ቀኝ ሳይልሳት ለማንም አያቀብልም። ቡድኑ ግን ይህን ቻለው፤ ምክንያቱም አያ ጅቦ ኳስ ሲይዝ አፉን ያየ ተቃራኒ ሁሉ ይሸሻል። ያ አፍ ሲከፈት ወፎች መሽቷል ብለው ወደ ጎጇቸው ይገቡ ነበር።

የቡድኑ የበላይ አያ አንበሶ ነው። እሱ ሲያገሳ በሚቀጥለው ሸለቆ የሚታለበው ወተት ሳይናጥ ቅቤ ያወጣል። አሰልጣኟ እመት ቀበሮ ናት፤ ብልጠቷ ከጆሮዎቿ ጫፍ ይተናል። ከዋንዛው ሥር የሚጫወቱት ወይዘሮ ጎሽ፣ ጋሽ ከርከሮና አያ ጅቦ ናቸው። ጉልበት እንደሆነ ሞልቷል።

ይህ ሁሉ ጉልበት እያላቸው ግን በየዓመቱ ከገደሉ አፋፍ በሚወርዱት ዝንጀሮዎች ይሸነፉ ነበር። ያሸነፈ የበጋውን ምንጭ ቀድሞ ይጠጣል። የተሸነፈ ሌላው ጠጥቶ፣ ታጥቦ፣ ረግጦ ከሄደ በኋላ የተረፈውን ጭቃ ይልሳል። እኩል ከወጡ ደግሞ ምንጩ ለአምናው አሸናፊ ይሰጣል። የሸለቆው እንስሳት የንጹሕ ውኃ ጣዕም ከጠፋቸው ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር።

የሚሸነፉት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ጨዋ ስለሆኑ ነው።

በዚያ ሸለቆ ኳስን ከቅርጫት መክተት ማለት ማጉረስ ማለት ነው። ቅርጫቱ አፍ ነው፤ ኳሷ ጉርሻ ናት። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ መወርወር ነውር ነው።

«ጉርሻ ይወረወራል እንዴ?» ይል ነበር አያ አንበሶ፣ ጎፈሬውን እየነሰነሰ። «የሚወረወርለት ውሻ ነው! ጨዋ ቀርቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሞቴ ብሎ ያጎርሳል።»

ጋሽ ከርከሮ ኳሷን ይዞ እየተጋፋ ዋንዛው ሥር ይደርሳል። ከዚያ ይቆምና ወደ ጎን ዞር ይላል።

«ወይዘሮ ጎሽ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ በጭራሽ! እርስዎ እያሉ?»

«በሞቴ!»

«አፈር ስሆን፣ እርስዎ!»

እንዲህ ሲባባሉ አንዱ ዝንጀሮ ከመሃላቸው ገብቶ ኳሷን ላጥ ያደርግና ይሄዳል። ዝንጀሮዎቹ ሜዳውን መጠበቅ እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር። ከሩቅ የሚወረውር እንደሌለ ስለሚያውቁ በዋንዛው ግንድ ዙሪያ ክብ ሠርተው ቁጭ ይላሉ፤ እርስ በርሳቸው ቅማል ይለቃቀማሉ። ሜዳው በሙሉ ኦና፣ ዋንዛው ሥር ግን የገበያ ቀን።

በዚያ ኦና ሜዳ ዳርቻ፣ ሰንበሌጡ በሚጀምርበት፣ አንዲት ብቻዋን የምትቆም ነበረች። ዳልቺት ትባላለች። ዳልቻ ጠጉር ያላት የአህያ ውርንጭላ ናት። እናቷ ከነጋዴዎች ጋር አሞሌ ጨው ተጭና፣ «እመለሳለሁ» ብላት በሰንበሌጡ መሃል በሚያልፈው መንገድ ሄደች። አልተመለሰችም።

ብቻዋን የቀረች ውርንጭላ ጅብ ባለበት አገር እንዴት ትኖራለች? አንድ ሕግ ነበራት፤ «የቡድን ጓደኛ አይበላም» የሚል። ሕጉን ያወጣው አያ አንበሶ ነው። እመት ቀበሮም ይህን አስባ ዳልቺትን ቡድን ውስጥ አስገባቻት። ልጅቷ ኳስ ወዳ እንዳይመስላችሁ። ለእሷ ከቡድኑ መውጣት ማለት አያ ጅቦ ሆድ ውስጥ መግባት ማለት ነበር።

አያ ጅቦ በዚህ ሕግ የተነሳ ከስቶ ነበር። በቀን አንድ በሬ ብቻ መብላት ጀመረ፤ ከዚያ በላይ አልወርድ አለው።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ እመት ቀበሮ ጮኸች። «ዳልቺት! እዚያ ዳር ምን ትሠሪያለሽ? ወደ ውስጥ ግቢ!»

ዳልቺት እየፈራች እየቸረች ወደ ዋንዛው መጣች። አያ ጅቦ ከሥሩ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ነይ እንጂ ልጄ፤ ቅረቢ። ምን ያስፈራሻል? ጓደኛሽ አይደለሁም?» አላት በለስላሳ ድምፅ። ይህን ሲል ለሃጩ ተንዠቀዠቀና በበጋው ሜዳ ላይ ወንዝ ሠራ። ጋሽ ከርከሮ አዳልጦት ወደቀ።

ዳልቺት ለሃጩን አየች። ጥርሶቹን አየች። ጆሮዋን ጥላ ወደ ሰንበሌጡ ተመልሳ ሮጠች።

አያ ጅቦ ይህችን ነበር የሚፈልጋት። አያ አንበሶ ፊት ሄዶ እጅ ነሳ። «ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ አትቀርብም፤ አታጎርስም። ቡድኑን እያስናቀችው ነው። ለእኔ ብዬ አይደለም…»

«ለማን ብለህ ነው ታዲያ?»

«ለቡድኑ። ለምንጩ። ለ… ለሥጋዋ ብዬ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።»

አያ አንበሶ ጢሙን አሻሸ። «እስከ ግጥሚያው ቀን ታገሥኳት። በእሷ የተነሳ ከተሸነፍን ግን ከቡድኑ ትወጣለች።»

አያ ጅቦ ከደስታው ብዛት ሳቀ። በዚያ ሳቅ የዋንዛው ቅጠል ረገፈ፤ ዓመቱን ሙሉ መልሶ አላቆጠቆጠም። ዳልቺት በሰንበሌጡ ዳር ሆና ፍርዱን ሰማች። የምታናግረው ስለሌላት ወደ ሰንበሌጡ ውስጥ ገባች።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እመት ቀበሮ ጅግራ ስታነፈንፍ ወደ ሰንበሌጡ ዘለቀች። ጠብ! የሚል ድምፅ ሰማች። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ ጠብ! ቀስ ብላ አሾልካ አየች።

ዳልቺት ናት። ከበስተኋላዋ ራቅ ብሎ ሁለት ቅርንጫፉ ብቻ የቀረ፣ እንደ ባላ የቆመ የደረቀ ግራር አለ። ዳልቺት ጀርባዋን ለግራሩ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ቆማለች። ከሰኮናዋ ኋላ እምቧይ ታስቀምጣለች። ከዚያ በኋለኛ እግሯ ትጠልዘዋለች። እምቧዩ አየሩን ሰንጥቆ ይሄድና በባላው መሃል ያልፋል። ዳልቺት ዞር ብላም አታይም። ከዚያ ሄዳ እምቧዩን ከሣሩ ውስጥ ትፈልጋለች፤ በጥርሷ ይዛ እያዘገመች ትመለሳለች፤ ደግሞ ታስቀምጣለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለች ቀበሮ።

ዳልቺት ክው አለች። «ምንም፣ እመቤቴ። ቀኑን እየገፋሁ ነው።»

«ፊትሽን ወደ ባላው አታዞሪም እንዴ?»

«መንገዱ በዚህ በኩል ነዋ።»

«የምን መንገድ?»

«እናቴ የምትመጣበት። ፊቴን ካዞርኩ ስትመጣ አላያትም። ማንም ሳይቀበላት ብታልፍስ?»

እመት ቀበሮ መንገዱን አየች፤ ደግሞ ባላውን አየች።

«እሺ፣ ሳታይ እንዴት ታሳልፊዋለሽ?» አለች።

«መጀመሪያ እስት ነበር። ግን ቀኑ ረጅም ነው፣ እመቤቴ። እጠልዛለሁ፤ ሄጄ እፈልጋለሁ፤ ተመልሼ እጠልዛለሁ። መጠለዙ ደኅና ነው። የሚረዝመው ብቻዬን ፍለጋ መሄዱና መመለሱ ነው።»

ቀበሮ ጅግራዋን ረሳች። ግራሩ ሥር ሄዳ ቆመች። «በይ ጠልዢ» አለች።

ዳልቺት ጠለዘች። እምቧዩ በባላው አለፈ። ቀበሮ አነሳችና በአፍንጫዋ ገፍታ መልሳ አንከባለለችላት። እምቧዩ በሣሩ ላይ እየተንከባለለ መጥቶ ዳልቺት ሰኮና ሥር ቆመ።

ዳልቺት እምቧዩን አየችው። ቀበሮን አየቻት። ደግሞ እምቧዩን አየችው። ሳትሄድለት የመጣላት ነገር ኖሮ አያውቅም።

«ምን ታፈጫለሽ?» አለቻት ቀበሮ። «ድገሚው እንጂ!»

ደገመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እመት ቀበሮ «ወደ ውስጥ ግቢ» ማለቷን ተወች። በእምቧይ ፋንታ የሐረጓን ኳስ አመጣችላት። ኳሷ ከበደቻትና ዳልቺት መሳት ጀመረች። አንዴ ግራሩን፣ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴም የቀበሮን ግንባር መታች። ቀበሮ ግንባሯ ላይ ያበጠውን እየዳሰሰች ኳሷን መልሳ ታንከባልላለች እንጂ አትቆጣም። ቦታ ስታስቀይራትም ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ ነው፤ መንገዱ ከዓይኗ ከማይጠፋበት አታርቃትም። ኳስ በማመላለስ ብዛት የእመት ቀበሮ እግር አለቀና ከወገቧ በታች አጠረች። ቀበሮ አጭር የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የማያምን ካለ የድሮዎቹን ቀበሮዎች ሄዶ ይለካ።

የቀሩት ሁለት ችግሮች ናቸው፤ አንደኛው አንበሳ፣ ሁለተኛው ጅብ።

አያ አንበሶ ዘንድ ስትሄድ ቀበሮ ጅራቷን አጣጥፋ ነበር። «ጌታዬ፣ ዳልቺት የምትርቀው እኮ ንቃ አይደለም። እንዲህ ያለ ግርማ ባለበት ቀርቤ እንዴት እጄን እሰዳለሁ ብላ ነው። ጀርባዋን የምታዞረውም ፊትዎን ማየት ከብዷት ነው።»

አያ አንበሶ ደረቱን ነፋ። «እሱስ… እውነት ነው። ይከብዳል።»

«ከሩቅ ብታጎርስ ታዲያ ነውር ይሆናል?»

«እንግዲህ ከአክብሮት የመጣ ከሆነ፣ ምን ይደረጋል!»

አያ ጅቦን ያገኘችው አጥንት ሲቆረጥም ነው። «አያ ጅቦ፣ በግጥሚያው ቀን ኳስ ስታገኝ ለዳልቺት አቀብል።»

«ምን በወጣኝ?»

«ከዚያ ሁሉ ርቀት የምታገባ ይመስልሃል?»

«አታገባማ!»

«ስትስት ብትውልና ብንሸነፍ ምን ትሆናለች?»

አያ ጅቦ ማሰብ ጀመረ። ሐሳብ እሱ ራስ ውስጥ መንገድ ስለማያውቅ ብዙ ይንከራተታል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ደረሰ። «ትባረራለች!» አለ ብድግ ብሎ።

«ከተባረረችስ?»

ሁለተኛው ሐሳብ በፍጥነት መጣ፤ ለሃጭ አጅቦት። «እመት ቀበሮ፣» አለ አያ ጅቦ እንባውን እየጠረገ፣ «ይህን ያህል እንደምትወጂኝ አላውቅም ነበር።»

የግጥሚያው ቀን ደረሰ። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ እስክትገባ ነው ጨዋታው። ዝንጀሮዎቹ እየዘለሉ ወርደው እንደ ልማዳቸው በዋንዛው ዙሪያ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አለቃቸው ጋማው መሬት የሚጠርግ ሽማግሌ ዝንጀሮ ነበር።

«ዘንድሮም እርስዎ ይቅደሙ ልትባባሉ ነው?» ሲል ተሳለቀ። «ምንጩን ዛሬውኑ ጠጥተነው እንሂድ?»

ጨዋታው ተጀመረና አያ ጅቦ ኳሷን ያዘ። ዝንጀሮዎቹ ከአፉ ሸሹ። እሱም ግራና ቀኝ ላሳትና ወደ ሰንበሌጡ ዳር ወረወራት። ወይዘሮ ጎሽ ይህን ስታይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ጅብ ሲሰጥ!

ኳሷ ዳልቺት እግር ሥር ደረሰች። ዳልቺት መንገዱን አየች፤ ጠለዘች። ኳሷ ወደ ላይ ወጣች፣ ወጣች፣ ደመና ነክታ ርጥብ ሆና ተመለሰችና ቅርጫቱ ውስጥ ገባች።

የዝንጀሮዎቹ አለቃ እጁ ላይ የያዛት ቅማል አመለጠችው።

«ይሄ… ጎረሰ ይባላል?» አለ ጋሽ ከርከሮ በሹክሹክታ።

«ጎርሷል!» ብሎ አገሳ አያ አንበሶ። «ከአክብሮት ነው!»

አያ ጅቦ ከንፈሩን ነከሰ። «በሚቀጥለው ትስታለች» አለ ለራሱ። ኳሷን ሲያገኝ ፈጥኖ አቀበላት። ገባ። «አሁንስ ደክሟታል።» አቀበላት። ገባ። በሆዱ ምክንያት በአገሩ የሌለ ኳስ አቀባይ ወጣው።

ዝንጀሮዎቹ ጨነቃቸው። ከዋንዛው ሥር እየተነሱ ወደ ሰንበሌጡ ዳር ይሮጡ ጀመር። ያን ጊዜ ዋንዛው ሥር ባዶ ሆነ። ወይዘሮ ጎሽ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርጫቱ ጋር ብቻዋን ተገናኘች። «እርስዎ ይቅደሙ» የምትለው ፈለገች፤ ማንም የለም። «በሞቴ» ብላ ራሷን ለምና አጎረሰች።

ዝንጀሮዎቹም ልጆች አይደሉምና ያገባሉ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስትጠጋ የዳልቺት ቡድን በአንዲት ብቻ ይመራ ነበር። ኳስ እንደገና ወደ ዳልቺት መጣች። እግሯን አነሳች።

በዚህ ጊዜ መንገዱ ላይ አቧራ ተነሳ።

ብዙ እግር የሚያስነሳው ዓይነት አቧራ ነበር፤ ተጭነው የሚመጡ አህዮች የሚያስነሱት ዓይነት። የዳልቺት ጆሮዎች ቀጥ አሉ። ልቧ ከኳሷ ወጥቶ ወደ መንገዱ ሮጠ። እግሯ ግን አስቀድሞ ተነስቶ ነበርና ጠለዘ። ኳሷ የቅርጫቱን ጠርዝ መታ አድርጋ ወደቀች።

አቧራው ተጠመዘዘ፣ ወደ ላይ ቀጠነ፣ በነነ። አዙሪት ነፋስ ነበር።

«ሳተች!» አያ ጅቦ ኳሷንም ሜዳውንም ጥሎ ወደ አያ አንበሶ በረረ። «ጌታዬ፣ ሳተች! ትባረርልኝ! እመት ቀበሮ ነግራኛለች፤ አቀብላትና ስትስት የአንተ ናት ብላኛለች!»

አያ ጅቦ ቦታውን በለቀቀበት ዝንጀሮዎቹ ኳሷን አንስተው አገቡ። እኩል ሆኑ። የአምናው አሸናፊዎች እነሱ ናቸውና ምንጩ በእጃቸው ገባ ማለት ነው።

«አንተ ሆዳም!» አለው አያ አንበሶ። «ፀሐይ ገብታለች? ጨዋታው አልቋል?»

«አላለቀም እኮ፣» አለች ቀበሮ ፈጠን ብላ። «የመጨረሻዋ ኳስ ናት የምትለየው። እሷን ማን ሊያቀብላት ነው፣ አያ ጅቦ?»

«እኔ ነኛ!» ብሎ አያ ጅቦ እየተንደረደረ ተመለሰ።

ዳልቺት ግን ይህን ሁሉ ሰምታለች። ቀበሮ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«እመቤቴ፣ አያ ጅቦ ኳስ የሚሰጠኝ ሊበላኝ ፈልጎ ነው?»

«አዎ።»

«እርስዎ ነዎት የነገሩት?»

ቀበሮ መዋሸት ትችል ነበር፤ ሙያዋ ነው። አልዋሸችም። «እኔ ነኝ። ወዳጅ የሚያቀብልሽ ብጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ አንዲት ኳስ አትደርስሽም ነበር።»

በዚያ ሜዳ ላይ ይህን ያህል እንስሳ ሲንጫጫ፣ እሷ ያለችበት ቦታ ላይ ሣሩ ሲንቀሳቀስ ይሰማ ነበር። ፀሐይዋ በተራራው ጫፍ ላይ አንድ ቀጭን ክር ሆና ቀርታለች።

አያ ጅቦ ዝንጀሮዎቹን አፉን ከፍቶ በተናቸው፤ ኳሷን ነጠቀ፤ በጉጉት ብዛት መላሱን ረስቶ ወረወራት። ኳሷ እየተንከባለለች መጥታ ዳልቺት ሰኮና ሥር ቆመች። ሦስት ዝንጀሮዎች እየዘለሉ ይመጡባታል።

ዳልቺት መንገዱን አየች። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አየችው። ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑን አየች፣ አመነች፤ እግሯንም አነሳች።

ዋንዛው ሥር ሲጮኹ ነው መግባቷን ያወቀችው። ዞር አላለችም።

በዚያ ማታ የሸለቆው እንስሳት ከምንጩ ንጹሕ ውኃ ጠጡ። ጋሽ ከርከሮ አምስት ጊዜ ጠጥቶ ስድስተኛውን ታጠበበት፤ መልኩ ጭቃ ሳይሆን ቡናማ መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ። ከዋንዛው ሥር ጭፈራው ቀለጠ። ወላጆች ሁሉ ግልገሎቻቸውን እየጎተቱ ለእመት ቀበሮ «የእኔንም ልጅ ከሩቅ ማጉረስ አስተምሪልኝ» ይሉ ጀመር፤ ነውሩን ማን አስታወሰው!

«ዳልቺት!» ሲል ተጣራ አያ አንበሶ። «ነይ ቅረቢ፤ ዛሬ ከአጠገቤ ትቀመጪያለሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። እዚሁ ይሻለኛል» አለች ከሰንበሌጡ ዳር።

ጥቂት ጠበቋት። ከዚያ ከበሮው ደመቀና ረሷት። ደስታ ይረሳል፤ ክፋት የለውም።

ጭፈራው ወደ ምንጩ ሲወርድ ሜዳው ባዶ ሆነ። ትንሽ ብርሃን ቀርቷል። ዳልቺት ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ኳሷን ከሰኮናዋ ኋላ አስቀመጠችና ጠለዘቻት። ቅርጫቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። እንግዲህ ሄዳ ልታመጣት ነው። ያን ረጅሙን መንገድ ለመጀመር አንድ እግሯን አነሳች።

ኳሷ እየተንከባለለች መጥታ ሰኮናዋ ሥር ቆመች።

ዞር አለች። ከዋንዛው ሥር አያ ጅቦ ቁጭ ብሏል፤ ብቻውን። ሌሎቹ ሲጨፍሩ ቀርቷል።

«አንድ ቀን ትስቻለሽ!» ሲል ጮኸባት። «እኔ ነኝ ያልኩሽ! አንድ ቀን ትስቻለሽና የዚያን ቀን እዚሁ ነኝ!»

ዳልቺት ኳሷን ጠለዘች። ገባች። አያ ጅቦ እያጉረመረመ አንስቶ መለሰላት።

«አያ ጅቦ፣» አለች ከሩቅ፣ «ነገም ይመጣሉ?»

«የት እሄዳለሁ? ነገም እመጣለሁ! ከነገ ወዲያም! እስክትስቺ ድረስ እመጣለሁ!»

ዳልቺት መንገዱን አየች፤ ዋንዛውን አየች። እናቷ «እመለሳለሁ» ካለቻት ቀን ወዲህ፣ እመጣለሁ ያላት ማንም አልነበረም። ኳሷን በሰኮናዋ አስተካከለች።

በማግስቱ መጣ። ከዚያ ወዲያም አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው፣ ርቆ የቆመን ልጅ «ቅረብ» እያሉ ከመጎተት ይልቅ ባለበት ቦታ ኳሱን ደጋግሞ ማቀበል፣ አቀባዩ ሆዳም ጅብ ቢሆን እንኳ፣ ልጁንም ቡድኑንም እንደሚያሳድግ ነው።